ጎጃም ላይ ጭሰኛ ፍለጋ፦ የ1967ቱን የመሬት አዋጅ በፊልም ስናሳይ

ጠመኔ (ክሩን የከፈተችው)

ሰላም ለሁላችሁ። የ25 ደቂቃ አጭር ፊልም ስክሪፕት ነው። ጊዜው የካቲት 1967 ዓ.ም.፣ ቦታው ቢቸናና ሞጣ መካከል ያለ መንደር። አንድ ዘማች ተማሪ፣ በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ከተላኩት አንዱ፣ ከአዲስ አበባ ይመጣል። መንደሩን አንድ ጨካኝ ባላባት ይዞታል፤ ጭሰኞቹ የምርታቸውን ግማሽ ይሰጡታል። አዋጁ በራዲዮ ይነገራል፣ ጭሰኞቹ ይነሳሉ፣ የባላባቱ ጎተራ ይከፈታል፣ ያልቃል።

የምጠይቀው፦ ታሪኩ ለቦታው ይታመናል ወይ? በዕቃና በልብስ ምን ላይ ልጠንቀቅ? ቀረጻው ጥቅምት ላይ ታስቧል።

---

ጥማድ_40

ታሪኩ አርሲ ውስጥ ጭላሎ ላይ ወይም ሲዳሞ ላይ ቢሆን ይቆም ነበር። ቢቸና ላይ አይቆምም፤ ምክንያቱም ርስት።

ጎጃም ውስጥ አብዛኛው ባላገር መሬቱን የያዘው ከአቅኚ አባት፣ ማለትም መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አያት፣ በሚቆጠር ዘር ነው። ዘሩ በአባትም በእናትም ይቆጠራል። ስለዚህ አንድ ሰው በአራት በአምስት አቅኚ አባት ስም መጠየቅ ይችላል፤ በእጁ የሚገባው ግን ተሟግቶ ያስለቀቀው ብቻ ነው። ጉልተኛ ነበረ፣ ቤተ ክርስቲያን ሰሞን (ለአገልጋዮቿ የተሰጠ) መሬት ነበራት፣ ጭቃ ሹም (የመንደር ሹም) ነበረ። ጉልት ግን ግብር የመብላት መብት ነው፤ ባለርስቱን ከመሬቱ ነቅሎ መጣል አይደለም። ያንቺ ባላባት በአንድ ቃል «ከመሬቴ ውጣ» የሚለው ሰውዬ ቢቸና ላይ ምናልባት የገዛ የአክስቱ ልጅ ነው፤ እሱም ያንኑ አቅኚ አባት ጠርቶ ይመልስለታል።

አዋጁ የአንድ ቤተሰብ ይዞታ ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ይላል። በባላገሩ አቆጣጠር 40 ጥማድ ገደማ ማለት ነው፤ አንድ ጥማድ በሬ በቀን የሚያርሰው፣ ወደ ሩብ ሄክታር ስለሚጠጋ። በጎጃም ደጋ አንድ ገበሬ ከዚያ በጣም ባነሰ መሬት ስለሚኖር ጣሪያው ማንንም አይነካም። በደቡብ ግን አንድ ጋሻ 40 ሄክታር ነው፤ ባለብዙ ጋሻዎች አሉ፣ ጣሪያው ቤት ያፈርሳል። በአንዱ አገር መብረቅ የሆነው አንቀጽ በሌላው አገር ነፋስ ነው።

ቃሉን ራሱ ተመልከቺው። የሰሜኑ ገበሬ ራሱን «ባላገር» ይላል፤ ባለ አገር። ስክሪፕትሽ «ጭሰኛ» ብሎ ቢጠራው ሊደባደብ ይችላል።

---

ጠመኔ

ታዲያ «መሬት ላራሹ» እዚያ ትርጉም የለውም ማለት ነው? ጭሰኛ ጨርሶ አልነበረም?

---

ጥማድ_40

ነበረ፤ አንቺ ባሰብሽው ቦታ ላይ ግን አይደለም። ርስት የማይቆጠርላቸው ሰዎች ነበሩ፦ ሸማኔው፣ ቆዳ ፋቂው፣ ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ብዙ ቦታ ላይ ሙስሊሙ፣ ከሌላ አገር መጥቶ የሰፈረው። እነዚህ የሰው መሬት በእኩል ወይም በሲሶ ያርሱ ነበር። ጎንደር ላይ ቢሆን ቤተ እስራኤልንም ትጨምሪያለሽ፤ በቀጥቃጭነትና በሸክላ ሥራ የሚታወቁት፣ ርስት የተከለከሉት። ለእነዚህ ሰዎች አዋጁ እውነተኛ መብረቅ ነው። «ቡዳ» እየተባለ ሲሸሹት የኖረው ቀጥቃጭ ከባለርስቱ እኩል የገበሬ ማህበር አባል ሆኖ ዕጣ ሲያወጣ አስቢው። ከጎተራ ዘረፋው ይልቅ ፊልሙ እዚህ ያለ ይመስለኛል።

ሁለተኛዋ ሴቲቱ ናት። በርስት ሥርዓት ሴት በራሷ ዘር መሬት ትጠይቃለች፣ ትረታለች፣ ለልጆቿም ታወርሳለች። ግን አታርስም፤ በሬና ወንድ ያስፈልጋታል። ማህበሩ ሲመሠረት የሚመዘገበው አብዛኛውን ጊዜ አባወራው ነው። ስለዚህ «ነፃ ወጣሽ» የሚላት አዋጅ የእናቷን ርስት በባሏ ስም ሲያስገባ ታያለች።

---

ነጋሪ

ስለ አዋጁ ልጨምር።

የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን የወጣው አዋጅ ቁጥር 31/1967 ነው፤ የታወጀው የካቲት 25 ቀን 1967፣ ማክሰኞ ዕለት። ነጋሪት ጋዜጣው በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን የታተመ ነው፤ ወመዘክር ወይም ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መጻሕፍት ሄደሽ አንብቢው። ለስክሪፕት የሚጠቅሙት ክፍሎች እነዚህ ናቸው፦ መሬት መሸጥ፣ መለወጥ፣ ማከራየት ተከልክሏል። ተቀጣሪ አራሽ ማሠራት ተከልክሏል፤ እንደ ባል የሞተባትና በሽተኛ ላሉት ግን ተፈቅዷል። የገበሬ ማህበር የሚቋቋመው ቢያንስ በ800 ሄክታር፣ ማለትም በ20 ጋሻ ላይ ነው።

ብዙ ስክሪፕት ጸሐፊ የማያየው ደግሞ አዋጁ ርስት ለነበረባቸው አካባቢዎች የተለየ ክፍል እንዳለው ነው። ባላገሩ በወቅቱ የሚያርሰውን ይዞ ይቀጥላል፤ ዘር ቆጥሮ ከሌላ ቦታ መጥቶ መጠየቅ ግን ቀረ። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» በአንድ ማክሰኞ ተሻረ። ደብረ ማርቆስ ጸሐፊ ሆኖ እየሠራ መንደር ውስጥ ያለውን የአያቱን ድርሻ ለዓመታት ሲሟገት የኖረው ሰው መዝገቡን ታቅፎ ቀረ። የፍርድ ቤት ደጅ ያለው ራፖር ጸሐፊም ደንበኛ አጣ።

ጥማድ_40 ያልነገረሽ ሌላ ነገር አለ፤ እሱም ገመድ ነው። ጎጃም መሬቱ እንዲለካ ፈቅዶ አያውቅም። «ቀላድ» (የመሬት መለኪያ ገመድ) የሚለው ቃል እዚያ የሚሰማው እንደ መለኪያ አይደለም፤ ርስት መነጠቂያ ነው። በሸዋና በደቡብ መሬት በቀላድ ተለክቶ ሲከፋፈል ምን እንደሆነ ባላገሩ ሰምቷል። የእርሻ ገቢ ግብር በ1960 ሲታወጅ ጎጃም ሸፈተ፤ በሞጣ፣ በቢቸና፣ በዳሞት። የግብር ገማቾቹን «ቀላድ ሊጥሉ ነው የመጡት» አላቸው። ጦር ተላከ፣ አውሮፕላን ቦምብ ጣለ፣ በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ተነሡ፣ የቆየ ውዝፍ ግብርም ተሰረዘ። ስለዚህ ፊልምሽ ሲጀምር አመፁ ገና ሰባት ዓመቱ ነው። የአሥር ዓመት ልጅ የነበረው አሁን አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፤ አውሮፕላኑን ያስታውሳል።

አሁን ዘማችሽን በዚህ ላይ አምጪው። ልጁ ገመድ ይዞ ሜዳ ላይ ይቆማል፣ ፊቱ በደስታ ያበራል፣ መሬት ሊያካፍል ነው። ከኮረብታው ላይ የሚያዩት ሰዎች የሚያዩት ቀላድ ነው። አንዲት ቃል ሳይነገር ትዕይንቱ ይሠራል። አርሲ ላይ ያው ገመድ ተስፋ ይሆናል፤ ያው ልጅ፣ ያው ወር፣ ያው አዋጅ።

---

ሰባራ_ክላፕ

ይቅርታ፣ ግን ፊልም የታሪክ ትምህርት ክፍል አይደለም። ተመልካች ክፉ ሰው ይፈልጋል። ርስት፣ ጉልት፣ ሰሞን እያላችሁ 25 ደቂቃ ውስጥ ማን ያስረዳል? ባላባት ሲባል ሁሉም ይገባዋል።

---

ጥማድ_40

ማስረዳት አያስፈልግም፤ የአክስት ልጅ ጠብ የማይገባው አበሻ የለም። ርስት ማለት ያ ነው። ክፉ ሰው ከተፈለገ ጎጃም የራሱን ይሰጥሻል፦ ምስክር የሚገዛ፣ ዘር ቆጠራ ላይ ሰው አባት የሚያሳጣ፣ ከጭቃ ሹሙ ጋር የሚበላ የሙግት አዋቂ። በ1967 መገባደጃ ላይ ይኸው ሰው የገበሬ ማህበር ሊቀ መንበር ሆኖ ሲመረጥ ደግሞ ከባላባት የባሰ ክፉ አገኘሽ፤ አፍ ያለው ሰው በሁለቱም ሥርዓት አፍ አለው።

ባላባቱን ግድ ካልሽ ፊልሙን ወደ ጭላሎ አዙሪው። እዚያ ከ1960 ጀምሮ በስዊድን እርዳታ የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ይሠራ ነበር። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ሲገባ መሬቱ ወርቅ ሆነ፤ ባለመሬቱም ትራክተር አስገብቶ ጭሰኛውን አስወጣ። ጭሰኛውን ያባረረው ልማቱ ነው፤ ይህ ለብቻው ፊልም ይሆናል። ግን ስትሄጂ ሁሉም ነገር አብሮሽ ይሄዳል፦ ጭሰኛው ኦሮምኛ ይናገራል፣ ባለመሬቱና ፍርድ ቤቱ አማርኛ፣ በመካከል አስተርጓሚ አለ፣ ሃይማኖቱም ሊለይ ይችላል። ውይይቱን በሙሉ በአማርኛ ጽፈሽ ቦታውን አርሲ ብትይው የጉዳዩን ግማሽ ቆርጠሽ ጣልሽው። የቋንቋ አማካሪ፣ ኦሮምኛ ተናጋሪ ተዋንያንና የግርጌ ጽሑፍ በበጀቱ ውስጥ አስገቢ።

---

ሰባራ_ክላፕ

የሊቀ መንበሩ ነገር ይመቸኛል። የአርሲው በጀት ግን አይመቸኝም። ጎጃም ይቅር ካልተባለ፣ የአክስት ልጁ ይሁን።

---

ሣጥኔ

ዕቃና ልብስ። ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱትን ብቻ።

ገንዘብ፦ በየካቲት 1967 የሚዘዋወረው ብር የንጉሡ ምስል ያለበት ነው። ደርግ ኖቱን የቀየረው በ1969 መጀመሪያ ላይ ነው። ሳንቲሞቹም 1936 የሚል ዓመት ያለባቸው፣ የንጉሡ ምስል የተቀረጸባቸው ናቸው። አሮጊት ሴት ከሳጥን የምታወጣው ደግሞ ጠገራ ብር ቢሆን ያምራል፤ አንገት ላይ ማንጠልጠልም ይቻላል።

ጠመንጃ፦ ዋነኛው ስህተት ክላሽ ነው። ያኔ የመንግሥት ጦር መሣሪያ አሜሪካ ሠራሽ ነበር፤ ወታደሩ የሚይዘው ኤም ዋን ነው፣ መኪናው ጂፕ ነው። ክላሽ በጅምላ የገባው መንግሥት በ1969 ከአሜሪካ ተቆራርጦ ወደ ሶቪየት ከዞረ በኋላ ነው። ባላገሩ ትከሻ ላይ ምንሽር፣ ውጅግራ፣ አልቤን አድርጊ፤ ከአባት የወረደ፣ ሰደፉ በቆዳ የተጠገነ፣ ዝናሩ ግማሹ ባዶ። በላይ ዘለቀን ያወጣ አገር ነው፤ ጠመንጃ ለጌጥ አይንጠለጠልም፣ ሲቀመጥም ሲነሣም አያያዙ ልማድ አለው። ተዋናዩ ያንን ከአካባቢው ሽማግሌ ይማር።

ጣራ፦ የሳር ክዳን። ዛሬ አገሩ ቆርቆሮ ለብሷል። አንድ ግቢ ሙሉ ሳር ማልበስ ካልቻልሽ ካሜራውን ዝቅ አድርጊ፣ ወይም ቀረጻውን በረት፣ አውድማና የቤት ውስጥ አድርጊ። ቤተ ክርስቲያኑ ቆርቆሮ ቢሆን ችግር የለውም።

ውኃ፦ ቢጫ ጀሪካን አስወግጂ። እንስራ። ውኃ የሞላ እንስራ ከባድ ነው፤ ተዋናይቷ ባዶውን ተሸክማ ብትሄድ ጎንበስ ማለቷ ውሸት መሆኑ ይታያል። ቢያንስ ግማሹን ሙሉት።

ልብስ፦ ለባላገሩ እጀ ጠባብ፣ ቁምጣ ወይም ተፈሪ ሱሪ፣ ኩታ ወይም ጋቢ፤ ለእረኛ ደበሎ። እግር ባዶ ነው። ተዋናዮች ለቀረጻ ቀን ብቻ ጫማ አውልቀው ሲራመዱ ድንጋይ እንደሚፈሩ ያስታውቃሉ፤ ከሁለት ሳምንት በፊት ጀምረው ይልመዱ። ለዘማቹ ካኪ።

ሰሌዳ፦ «ክልል»፣ «ዞን» የሚል ነገር አይታይ። ጠቅላይ ግዛት፣ አውራጃ፣ ወረዳ፣ ምክትል ወረዳ ነው። ቢቸናም ሞጣም አውራጃ ነበሩ።

---

ዘንግ_ማይክ

የድምፅ ሰው ዕይታ፦ ሞተር ብስክሌት፣ የወፍጮ ሞተርና ከቤተ ክርስቲያን የሚመጣ ድምፅ ማጉያ። ሦስቱም ዛሬ ከየትኛውም የጎጃም መንደር ይሰማሉ። ለማጉያው ካህናቱን ቀድመሽ አነጋግሪ፤ ለወፍጮው ባለቤቱን የሁለት ሰዓት ገቢውን ከፍለሽ አስቁሚ። በኮምፒውተር አጠፋዋለሁ ብለሽ አትተዪው፤ ከንግግር ሥር የገባ የወፍጮ ድምፅ አይወጣም።

የራዲዮ ትዕይንት ካለ ትራንዚስተሩ ባለ ባትሪ ይሁን፤ መንደሩ ሁሉ ራዲዮ አይኑረው፤ መምህሩ ወይም ነጋዴው ዘንድ አንድ ይበቃል። ሌላው የሚሰማው ከገበያ ነው። ወሬው ከራዲዮ ወደ ገበያ፣ ከገበያ ወደ መንደር ሲሄድ እንዴት እንደሚጣመም ማሳየት በራሱ ድራማ ነው።

---

ስልስ

ጥቅምት ላይ መቅረጽ አይሆንም። ጥቅምት አገሩ አረንጓዴና ወርቅ ነው፣ ጤፉ ቆሟል። የካቲት መጨረሻ ግን አዝመራ ተወቅቶ ገብቷል፣ ሜዳው ቃርሚያ ነው፣ በሬው ከስቷል፣ አቧራ አለ፤ ቀድሞ የጀመረ ገበሬ ገመሳ (የመጀመሪያው እርሻ) ላይ ነው። ይህ የመልክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በየካቲት መሬቱ ባዶ ስለሆነ ነው ገመድ መጣል የሚቻለው፤ ሰብል በቆመበት ማሳ ላይ ማንም አይለካም። ከጥር አጋማሽ እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ቅረጹ።

አባይ በረሃን ማሳየት ከፈለግሽ ተጠንቀቂ፦ ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን ሲወረድ ከአሮጌው ድልድይ አጠገብ በሚሊኒየሙ ሰሞን የቆመው ባለ ገመድ ድልድይ አለ። ከላይ ሆነሽ ሰፊ ምስል ስትወስጂ ሁለቱም አንድ ላይ ይገባሉ። ዝቅ ብለሽ አዲሱን ከጀርባሽ አድርጊ፣ ወይም ቁልቁለቱን ብቻ ውሰጂ። ሌላው ባህር ዛፍ ነው፤ ያኔ ገላጣ የነበረው ኮረብታ ዛሬ ደን ይመስላል። ቦታ ስትመርጪ ይህን እይ።

---

ነጋሪ

ስለ ቃላት። ሰዎች በየካቲት 1967 ገና ያልለመዱትን ቃል በአፋቸው አታስገቢ። «አርሶ አደር» የኋላ ነው። ገበሬው «ጓድ» አይልም፤ ዘማቹን «ጌታው» ወይም «ተማሪው» ይለዋል፣ ልጁ በዕድሜ ቢያንስም ሹም ከመሰለው «አንቱ» ይለዋል፤ ዘማቹም ይኼ ያሳፍረዋል። «ኢትዮጵያ ትቅደም» ተሰምቷል። «ሶሻሊዝም» ዘማቹ አፍ ላይ አለ፤ መንግሥት ግን በታኅሣሥ ያወጀው «ኅብረተሰባዊነት» ብሎ ነው። ባላገሩ የሚለው «ለውጥ» ነው።

ንጉሡ ደግሞ በሕይወት አሉ። መስከረም 2 ቀን ከዙፋን ወርደዋል፣ ታስረዋል፤ ያረፉት ነሐሴ ላይ ነው። ዘውዱ በሕግ የተሻረው መጋቢት 12 ነው፤ አዋጁ ሲነገር አገሩ በወረቀት ገና ንጉሣዊ ነው። «ታዲያ ይኼን ያወጀው ማነው? ንጉሡ ማናቸው?» የሚል ሽማግሌ ቢኖርሽ ሞኝ አድርገሽ አትሳዪው፤ ጥያቄው ትክክል ነው። ጎጃም ለንጉሡ ያለው ስሜትም ቀላል አይደለም። የጎጃም ገዥ የነበሩት ራስ ኃይሉ በ1924 ከሥልጣን ተነሥተዋል፣ በላይ ዘለቀ በ1937 ተሰቅሏል፣ በ1960 ቦምብ ወርዷል። «ንጉሡ ወረዱ» ሲባል የሚያለቅስም ዝም የሚልም ሰው ከአንድ ቤት ሊወጣ ይችላል።

---

ስልስ

አንድ ወጥመድ ላስጠንቅቅ። ለጥናት ሽማግሌ ስትጠይቂ «መሬት የተደለደለው ጊዜ» ብለሽ አትጠይቂ። ብዙው ሰው የሚያስታውሰው የ1989ኙን ሽግሽግ ነው፤ «ቢሮክራሲ» የተባሉት የደርግ ጊዜ ማህበር መሪዎች ወደ አራት ጥማድ የወረዱበትን። ያኛው ቁስል ትኩስ ስለሆነ የ1967ቱን ይሸፍነዋል። ሁለቱ ተደባልቀው የገቡበት ስክሪፕት ወዲያው ይታወቃል። «ንጉሡ በወረዱ ዓመት»፣ «ዘማቾች በመጡ ጊዜ» ብለሽ ጠይቂ፤ ከዚያ ልጅ የተወለደበትን ወይም ሠርግ የተሠረገበትን አስቆጥሪ።

---

ጠመኔ

እጅ ሰጥቻለሁ፤ ባላባቱ ወጥቷል። አዲሱ ቅርጽ ይኼ ነው።

ሁለት ቤተሰብ ልጆቻቸውን ሊያጋቡ ነው። ስምምነቱ የቆመው የሙሽራዋ እናት ከአክስቷ ልጅ ተሟግታ በቅርቡ በረታችው ስድስት ጥማድ ላይ ነው። ማክሰኞ መምህሩ አዋጁን በራዲዮ ይሰማል። ዘማቹ ገመዱን ይዞ ይወጣል። ረቡዕ ሠርጉ ነው፤ በሬ ታርዷል፣ ድንኳኑ ሞልቷል፤ ወሬው ድንኳኑ ውስጥ ሲገባ የሙሽራው አባት መብላቱን ያቆማል፤ ስድስቱ ጥማድ አሁን የማን እንደሆነ ማንም አያውቅም። ጥግ ላይ የተቀመጠው ቀጥቃጭ ብቻ ይበላል። ገመዱ መጨረሻ ላይ ድንኳኑን መወጠሪያ ይሆናል።

---

ሰባራ_ክላፕ

ቀጥቃጩ ብቻ ይበላል የሚለው ላይ እጄን አነሣሁ። ግን ከሠርገኛው ጋር አንድ ድንኳን ውስጥ ያስቀምጡታል?

---

ጥማድ_40

አያስቀምጡትም። ከድንኳኑ ውጭ፣ ደጃፉ ጋ ለብቻው ይቀመጥ፤ የራሱ ዋንጫና የራሱ ሳህን ይሰጠው። ምስሉ ይበልጥ ይሻልሻል፦ ውስጥ ያሉት ሁሉ እጃቸውን ሰብስበው ወደ ውጭ ያዩታል። ሌላው፣ ስድስት ጥማዱን የረታችው በቅርቡ ከሆነ ባሏ አርሶታል ወይስ ገና አልነካውም? አዋጁ የሚለው «የሚያርሰውን ይዞ ይቀጥል» ነው። ገመሳውን ማክሰኞ ጠዋት ያስጀመሩት እንደሆነ አንድ ሕግ ይሠራል፣ ካላስጀመሩት ሌላ። ይህን መጀመሪያው ትዕይንት ላይ ወስኚ።

---

ነጋሪ

ቀኑን አስተካክይ። በ1967 ፋሲካ ሚያዝያ 26 ነው የዋለው፤ ዐቢይ ጾም የገባው ሰኞ መጋቢት 1። ስለዚህ አዋጁ የወጣው በቅበላ ሳምንት ነው፤ ሠርግ ማድረግሽ በጣም ትክክል ነው፣ ከዚያ በኋላ እስከ ፋሲካ ሠርግ የለም። ረቡዕ ግን ጾም ነው፤ በሬ አርደሽ ማንን ታበያለሽ? ሐሙስ የካቲት 27 አድርጊው። ወሬው ከራዲዮ ተነሥቶ ድንኳኑ እስኪደርስም ሁለት ቀን ያገኛል።

---

ጠመኔ

ሐሙስ ሆኗል። ገመሳውን ሙሽራው ማክሰኞ ንጋት ላይ ይጀምረዋል፤ ሁለት ትልም ብቻ።